የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ

በአገራችን እንግዳ ክቡር ነው። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ ዘሩንና ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ለልጆቹ ያስቀመጠውን እንጀራ ያቀርብለታል፤ መደቡንም ለቆለት እርሱ ከመሬት ይተኛል። ይህ የሚያኰራ ልማድ ስለ ሆነ ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

ነገር ግን እንግዳ ተቀባይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም ቤቱን ጧት ጧት የሚጠርግ፣ የልጆቹን ገላ የሚያጥብ፣ የጣራውን ቀዳዳ ክረምት ሳይገባ የሚደፍን ነው። የዚህ ሰው እንግዳ የሚካፈለው ቤተ ሰቡ ዕለት ዕለት ከሚኖርበት ደኅንነት ነው። ሁለተኛው ግን እንግዳ መምጣቱን የሰማ ዕለት ብቻ ከጎረቤት ምንጣፍ ይዋሳል፤ ብድር ገብቶ በሬ ያርዳል፤ የተራቡ ልጆቹን ለዐይን እንዳያስጠሉ ወደ ጓሮ ይሸሽጋቸዋል፤ እንግዳው በሄደ ማግሥት ምንጣፉ ይመለሳል፣ ዕዳው ይቀራል። አባቶቻችን ይህን ሁለተኛውን ሰው «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ብለው ጠሩት። ለራሱ ሰዎች እሾህ፣ ለባዕድ ለስላሳ መኝታ ማለታቸው ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በነገሌ ቦረና፣ ከአንዲት ሻይ ቤት ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንዲት የቆላ ከተማ ያስተማርሁት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ትልቅ ሥራ ያለው ሰው ዘመዶቹን ሊጠይቅ መጥቶ አገኘኝ። ሻይ ጋበዘኝ፤ ጤናዬን ጠየቀኝ፤ ከዚያም ወሬው ወደ እግር ኳስ ዞረ። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ጠቅላላ ጉባኤ በአዲስ አበባ በተሰበሰበ ጊዜ፣ መንግሥታችን በፈረንጆች 2029 ይደረጋል ተብሎ የነበረውን የአፍሪካ ዋንጫ ለማስተናገድ እንደሚፈልግ መግለጡን ሁላችንም ሰምተናል። ተማሪዬ በዚህ ነገር ልቡ ሞቋል።

«ጋሼ» አለኝ፤ «እንዲህ ያለውን በዓል ያላስተናገደ አገር አገር ተብሎ አይቈጠርም። እንግሊዞችን ይመልከቱ። ኦሎምፒክን በለንደን ባዘጋጁ ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ባንዲራውን ይዞ ወጣ፤ ስማቸውም እንደ ገና ታደሰ። እኛም ዋንጫውን ካስተናገድን የቀድሞው ክብራችን ይመለሳል።»

እኔም «ልጄ፣ አንተ ኳስ የተማርህበት የትምህርት ቤትህ ሜዳ ዛሬ ምን እንደ ሆነ አይተሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። «አላየሁም» አለኝ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለእርሱና እንደ እርሱ ለሚያስቡ ሁሉ የተሰጠ መልስ ነው።

በመጀመሪያ፣ ክብር ነበረን ማለቱን አልክድበትም። በ1954 ዓ.ም. ጥር 13 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲዮም የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ። በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ ሁለት ጊዜ ቀደመች፤ ሁለት ጊዜም የእኛ ልጆች አስተካከሉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ሁለት ጎል ጨምረው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። የቡድኑ አለቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። እኔ ያን ጊዜ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርሁ፤ ነገር ግን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩን መምህር ለኳስ ቡድን በከፈሉን ቍጥር ይህን ታሪክ ሳያነሡ አይቀሩም ነበርና፣ እንዳየ ሰው ሆኜ አድጌያለሁ።

ደግሞ የሚያስገርም ነገር አለ። ከዚህ አራት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ እንግሊዞች የዓለምን ዋንጫ በለንደን አስተናግደው ምዕራብ ጀርመንን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፉ። የቡድናቸውም አለቃ ቦቢ ሙር ዋንጫውን ከንግሥቲቱ ከኤልሳቤጥ እጅ ተቀበለ። ውጤቱ አንድ፣ ተጨማሪው ሰዓት አንድ፣ ዋንጫ ሰጪው ዘውድ የጫነ። እንግሊዞችም ያን ቀን እስከ ዛሬ ያወሩታል፤ እኛም የእኛን እስከ ዛሬ እናወራለን። እነርሱም የዓለምን ዋንጫ ዳግመኛ አላነሡም፤ እኛም የአፍሪካን ዋንጫ ዳግመኛ አላነሣንም። ስለዚህ በትዝታ ረገድ ከእንግሊዝ አናንስም። ልዩነቱ ያለው ከትዝታው በኋላ በተሠራውና ባልተሠራው ላይ ነው።

በ1954ቱ ድል ውስጥ ክብሩ የተገኘው ከምን እንደ ሆነ መርምረን እንይ። በዓሉ ታላቅ ስለ ነበረ ነው እንዳንል፣ የመጡት ቡድኖች እኛን ጨምሮ አራት ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ ግብጽ፣ ቱኒዝያና ኡጋንዳ ናቸው። ጨዋታውም ሁሉ የተደረገው አስቀድሞ በነበረው በአንድ ስታዲዮም ነው። ክብሩ የመጣው ከዚያ በፊት በተሠራ ሥራ ነው። ይኸውም በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በተመሠረተ ጊዜ ኢትዮጵያ ከአራቱ መሥራቾች አንዷ ነበረች። ከመሥራቾቹ አንዷ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ባለች ጊዜ ከውድድሩ ተወገደች። ለዚህ ኮንፌዴሬሽን የደከሙት ይድነቃቸው ተሰማ በ1954 ዓ.ም. የቡድናችን አሠልጣኝ ነበሩ፤ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። እንግዲህ ያ ክብር ሰው አሠልጥኖ፣ ደንብ አውጥቶ፣ ለእውነት ቆሞ የተገኘ ክብር ነው። ድግሱ የምሥራች ነጋሪ ሆነ እንጂ ክብሩን አልወለደውም።

ድግስ ራሱ ክብር የሚወልድ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት ጊዜ ደግመን ደግሰናልና ሁለት ጊዜ በከበርን ነበር። በ1960 ዓ.ም. ስምንት ቡድኖች መጥተው በአዲስ አበባና በአሥመራ ተጫወቱ፤ ዋንጫውን ኮንጎ ኪንሻሳ ወሰደች፤ እኛ አራተኛ ሆንን። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተደገሰ። ያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ በነገሌ ከአንድ ነጋዴ ደጃፍ ራዲዮ ከበን ቆመን አዳመጥን። ኡጋንዳን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ ከግብጽ ጋር 1 ለ 1 ወጣን፤ ከመጀመሪያው ምድብም ሳናልፍ ቀረን። ድግሱ ቀጠለ፤ ባለቤቱ ግን ከማዕዱ ተነሣ። መጋቢት 5 ቀን ሞሮኮ ዋንጫውን ስትወስድ ከራዲዮው አጠገብ የቀረነው ሦስት ልጆች ብቻ ነበርን።

በእነዚህ ድግሶች መካከል በራሳችን ከተማ በነገሌ የሆነውን ነገር የአገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ከዚህ ጉዳይ ጋር አያይዞ የሚያየው ጥቂት ነው። በ1966 ዓ.ም. ጥር 4 ቀን በነገሌ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር አመፀ። የዚህ አመፅ መነሻ የመንግሥት ግልበጣ ምክር አልነበረም። የሚሰጠው ምግብ የማይበላ ሆነበት፤ የውሃ መሳቢያውም ተበላሽቶ ከመኰንኖቹ ጕድጓድ እንቅዳ ብሎ ቢጠይቅ ተከለከለ። ነገሩን ለማየት የተላኩትን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዞ ከሚበላው አበላቸው፤ ከሚጠጣውም አጠጣቸው። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከዚያ ቀን ስምንት ወር በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አንድ የውሃ መሳቢያ ብቻውን መንግሥት ጣለ አልልም። በወሎ ረሃብ ነበረ፤ በከተማ የኑሮ ውድነት ነበረ፤ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረ። ነገር ግን አስተውሉ። ያ መንግሥት በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካን መሪዎች ሁሉ በአዲስ አበባ ሰብስቦ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ያስመሠረተ፣ የድርጅቱንም ዐሥረኛ ዓመት በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያስተናገደ፣ የአፍሪካን ዋንጫ ሁለት ጊዜ የደገሰ መንግሥት ነበር። እንግዳ መቀበልን በእርሱ ዘመን ያህል ያወቀበት አልነበረም። ለእንግዳ ቤተ መንግሥት የነበረው መንግሥት ግን ጠረፍ ለሚጠብቅለት ወታደር የተሰበረ መሳቢያ አላስጠገነም። ባንዲራውን በስታዲዮም ከፍ አድርጎ መስቀል ቀላል ነው፤ የሚከብደው ባንዲራውን ለሚጠብቀው ሰው አንድ ጣሳ ንጹሕ ውሃ ማድረስ ነው።

የቦረና ሕዝብ ይህን ነገር ከእኛ ከተማሩት ይልቅ አጥርቶ ያውቀዋል። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጕድጓዶቹ እጅግ የታወቁ ናቸው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተሰልፈው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ አቀባብለው ያወጡታል፤ አባ ሄሬጋ የተባለው ኃላፊም የትኛው መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራውን ያስከብራል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለእንግዳም ቦታ አለው። ነገር ግን ጕድጓዱ ዕለት ዕለት ካልተጠረገ፣ ደለሉ ካልተዛቀ፣ ገንዳው ካልተለሰነ ውሃው ይጠፋል። ጕድጓዱን በደለል አስሞልቶ ሳለ «የሩቅ አገር መንጋ ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ» ብሎ የሚያውጅ ሽማግሌ ቢኖር፣ ቦረና አንጎሉ ታሟል ይለዋል እንጂ ኵሩ ነው አይለውም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወራት ተከታትለው በከሸፉ ጊዜ፣ ከብቱ በየመንገዱ ዳር ወድቆ ያየ ሰው የዚህ ንግግር ክብደት ይገባዋል።

አሁን ወደ እንግሊዞች እንመለስ፤ ተማሪዬ ምስክር አድርጎ የጠራቸው እነርሱን ነውና። እንግሊዞች ኦሎምፒክን በለንደን ሦስት ጊዜ አስተናግደዋል፤ ይኸውም በፈረንጆች 1908፣ 1948 እና 2012 ነው። ተማሪዬ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው። እኔ ግን መካከለኛውን እንዲያስታውስ እወዳለሁ። በ1940 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዝ ከታላቁ ጦርነት ገና መውጣቷ ነበር። ከተማዋ በቦምብ ፈርሳ ነበር፤ ሥጋና ስኳር በራሽን ይታደል ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? አዲስ ስታዲዮም አልሠሩም፤ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በተሠራው በዌምብሌይ አስተናገዱ። ለእንግዶቹ መንደር አላነጹም፤ በጦር ሠራዊት ሰፈርና በትምህርት ቤት አሳደሯቸው። ማንም ለዚህ አልናቃቸውም። እንዲያውም ታሪክ እስከ ዛሬ ድረስ በአክብሮት ያነሣቸዋል፤ በአቅማቸው ስለ ደገሱ፣ ከልጆቻቸውም አፍ ነጥቀው ስላልደገሱ።

ስለ 2012ቱም እውነቱን እንናገር። የእንግሊዝ መንግሥት 9.3 ቢሊዮን ፓውንድ መድቦ ነበር፤ ሕዝቡም አስቀድሞ ስለ ወጪው ብዙ አጕረመረመ። በዓሉ በተከፈተ ሌሊት ግን ለዓለም ካሳዩት ነገር አንዱ ምን ነበር? የሕዝብ ሆስፒታሎቻቸውን ነርሶች ነው። ድኻውም ሀብታሙም በነጻ የሚታከምበትን ድርጅት በመድረክ አውጥተው «በዚህ እንኰራለን» አሉ። ያ ድርጅት የተመሠረተው በዚያው በ1948 ክረምት፣ ሥጋ በራሽን በሚታደልበት ጊዜ ነው። ስታዲዮሙንም የሠሩት ቀድሞ የፋብሪካ ጥራጊ ይጣልበት በነበረ በምሥራቅ ለንደን ሰፈር ሲሆን፣ በኋላ ዌስት ሃም የተባለው ክለብ እንዲጫወትበት ሰጡት። ተማሪዬ የባንዲራውን ብዛት አየ፤ ከባንዲራው በስተ ኋላ የቆመችውን ነርስ ግን አላያትም።

እንግሊዞችም ቢሆኑ ከነቀፋ ነጻ አይደሉም። በእነርሱም አገር ብዙ የትምህርት ቤት ሜዳ ተሽጦ ቤት ተሠርቶበታል፤ ኦሎምፒኩ በቀረበ ጊዜም ይህ ነገር ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ኃጢአቱ የሁሉም አገር ነው ማለት ነው። የሌላውን ሰው ጌጥ ስንቀዳ ጕድፉን ጨምረን እንዳንቀዳ እንጠንቀቅ።

ከዚህም በላይ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን በስፖርት ካገኘነው ክብር ውስጥ ታላቁ በሰው ቤት የተገኘ ነው። አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና ባዶ እግሩን ሮጦ ያሸነፈው ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2004 ዓ.ም. ተማሪዬ በሚያደንቀው በዚያው በለንደን በዓል ዐሥር ሺሕ ሜትር አሸንፈዋል። እነዚህ ሁለቱ ሴቶች የአርሲዋ የበቆጂ ምድር ፍሬዎች ናቸው። በበቆጂ የወርቅ ወንበር ያለው ስታዲዮም አልነበረም። የነበረው የአፈር ሜዳና ስንታየሁ እሸቱ የሚባል፣ ሕፃናትን ማለዳ እያስነሣ የሚያሠለጥን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው። ለለንደን በዓል የወጣው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ ተጽፏል፤ የበቆጂው መምህር የተቀበለውን ደመወዝ ግን ጡረተኛ መምህር ስለ ሆንሁ ሳይጻፍልኝም እገምተዋለሁ። እስቲ ፍረዱ፤ ለኢትዮጵያ ስም የበለጠ የሠራው የትኛው ነው?

ወዲህ ደግሞ ስለ ኀፍረታችን እንናገር፤ ኀፍረቱን የሚሸሽግ በሽታውን ይሸሽጋልና። በፈረንጆች 2020 ሊደረግ የነበረውን፣ በየአገራቸው ውስጥ የሚጫወቱ ተጫዋቾች የሚወዳደሩበትን የአፍሪካ ሻምፒዮና እናስተናግዳለን ብለን ተፈቅዶልን ነበር። ዝግጅታችን አልደረሰም፤ በዓሉም ለካሜሩን ተሰጠ። «እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ይላል» የሚባለው ይህ ነው። ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የባሕር ዳር ስታዲዮም መለኪያውን አላሟላም ተብሎ ታገደ፤ በአገራችንም ለዓለም አቀፍ ግጥሚያ የሚፈቀድ አንድ ሜዳ ጠፋ። በአዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ስታዲዮምም ለብዙ ዓመታት ሳይፈጸም ቆየ።

ስለዚህ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ከግብጽ ጋር «በሜዳችን» የምናደርገውን ግጥሚያ በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ አደረግነው። ልጆቻችን ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ባገቡት ጎል 2 ለ 0 አሸነፉ። ዳዋ የእኛ ወንዝ ስም ነውና በነገሌ የተደረገው ደስታ ልዩ ነበር። እኔም ከሰው ጋር ዘለልሁ፤ ከዘለልሁ በኋላ ግን ተቀመጥሁና አሰብሁ። በ1954 ዓ.ም. ግብጽን በገዛ ቤታችን አሸነፍን። ከስድሳ ዓመት በኋላ ያችኑ ግብጽን አሸነፍን፤ ቤቱ ግን የተዋስነው ነው። ልጆቹ አላነሱም፤ ያነሰው ቤት ጠባቂው ነው። እንግዲህ ለአንድ ግጥሚያ የሚሆን አንድ ሜዳ መጠበቅ ያቃተው እጅ፣ የብዙ አገር ቡድን የሚጫወትበትን ብዙ ሜዳ በምን ተአምር ይጠብቃል? ሣሩን የሚያጠጣው ማን ነው? የመጸዳጃ ቤቱን ቧንቧ የሚጠግነው ማን ነው?

ይህ የውበት ነገር ብቻ አይደለም፤ የነፍስም ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር ካሜሩን የአፍሪካን ዋንጫ ባስተናገደች ጊዜ፣ በያውንዴ አዲስ በተሠራው በኦሌምቤ ስታዲዮም በር ላይ ሰው ተረጋግጦ ስምንት ሰዎች ሞቱ። መከፈት የነበረበት በር ተዘግቶ ነበር። ስታዲዮሙ አዲስና ውብ ነበር፤ የጐደለው በሩን በጊዜው የሚከፍት ሰው ነው። ሕንጻ በገንዘብ ይገዛል፤ ጠንቃቃ ሰው ግን በማስተማር እንጂ በግዢ አይገኝም።

አሁን ተማሪዬን የጠየቅሁትን ጥያቄ ልመልስ። ያ ሰው በልጅነቱ የተማረባት፣ ስሟን የማልጠራት የቆላ ከተማ አንድ ሰፊ የትምህርት ቤት ሜዳ ነበራት። ሣር አልነበረውም፤ ቀይ አፈር ነበረ። በዙሪያው የግራር ጥላ ነበረ። እኔ በዚያ ሜዳ ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት ፊሽካ ነፍቻለሁ። አንድ ጊዜ ከሩቅ የሚመጡ ባለሥልጣኖችና ስፖርተኞች በዚያች ከተማ በዓል ሊያደርጉ ነው ተባለ። ግራሩ ተቈረጠ፤ ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረ፤ ከእያንዳንዱ ተማሪ ወላጅ መዋጮ ተሰበሰበ፤ ለክብር እንግዶች ባለ ጣራ መቀመጫ ተሠራ። በዓሉ ሦስት ቀን ሆነና አለፈ። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው «ንብረት እንዳይበላሽ» ተብሎ ተቈለፈ። ልጆቹ በመንገድ ላይ መጫወት ጀመሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ኳስ ተከትሎ ሲሮጥ የጭነት መኪና እግሩን ሰበረው። እኔ ወደ ሆስፒታል ሳጅበው «ጋሼ፣ ሜዳው መቼ ይከፈታል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ቍልፉ ያለበትን ሰው ለማግኘት ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ስል ዓመቱ አለቀ። ጡረታ እስከ ወጣሁ ድረስ ያ በር አልተከፈተም።

እንግዲህ ስለ አገር ክብር የሚናገር ሰው ባየሁ ቍጥር ያ ልጅ ይታወሰኛል። ሦስት ቀን ለተቀመጠ እንግዳ ጥላ ተሠራ፤ ዓመቱን ሙሉ ለሚኖሩት ልጆች ግን የነበረው ጥላ ተቈረጠ።

«ድግሱ ሕዝቡን አንድ ያደርገዋል» የሚሉም አሉ። ምኞታቸው መልካም ነው፤ ታሪክ ግን አይረዳቸውም። በ1960 ዓ.ም. ከሁለቱ የዋንጫው ከተሞች አንዷ አሥመራ ነበረች፤ የዚያ ድግስ ጭብጨባ የኤርትራን ቍስል አልሻረውም። በ1954 ዓ.ም. ዋንጫችንን ከፍ አድርጎ ያሳየው ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት በአሥመራ የተወለደ፣ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ በ2015 ዓ.ም. መስከረም በኢጣልያ አረፈ። ዋንጫውን የተሸከመልንን ሰው እንኳ በቤታችን ያላስቀመጥን፣ ለሌላ ዋንጫ ብንሰበሰብ አንድነት ይወርድልናል ማለት የዋህነት ነው። ሕዝብን አንድ የሚያደርገው ዕለታዊ ፍትሕ ነው፤ ኳሱ ይህ አንድነት መኖሩን ያሳያል እንጂ አያመጣውም።

«እንግዳ ገንዘብ ያመጣል፤ በድግሱ ምክንያት መንገድና ሆቴል ይሠራል» የሚለውም ክርክር አለ። መንገድ ለእንግዳ ምክንያት ካልሆነ በቀር የማይሠራ ከሆነ፣ ያ ራሱ ታላቅ ውርደት ነው። ከነገሌ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ የሚሄድ ነጋዴ፣ ከያቤሎ ወደ ሞያሌ የሚወርድ አርብቶ ዐደር፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ እነዚህ ሰዎች መንገድ የሚገባቸው ካይሮና ዳካር ሊመለከቷቸው ስለ መጡ ነውን?

ድግስን ፈጽሜ እጠላለሁ እንዳልባል ፍርዴን በግልጥ ልናገር። የአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቀን ወደ አገራችን ቢመለስ ከማንም በፊት እልል የምል እኔ ነኝ። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በየቆላው ከተማ ለትምህርት ቤት ልጆች አንድ አንድ ያልታጠረ ሜዳ፣ ከሜዳውም አጠገብ አንድ የማይደርቅ ቧንቧ ይሰጥ። ለአንድ ታላቅ ስታዲዮም ከሚወጣው ገንዘብ እጅግ ጥቂቱ ለዚህ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ለድግሱ የሚወጣው ሒሳብ የድኻ መዋጮ ሳይቀር ለሕዝብ በግልጥ ይነበብ፤ በምስጢር የተደገሰ ድግስ ማግሥቱ ጠብ ነው። ሦስተኛ፣ አዲስ ከመሥራት በፊት የተሠራውን የሚጠብቅ ሰው ይሾም፤ ደመወዙም ይከፈለው። ሠሪው ሪባን ሲቈርጥ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሣር የሚያጠጣውን ግን ማንም አያነሣውም። የአገር ክብር ያለው ግን ፎቶግራፍ በማይነሣው ሰው እጅ ነው።

እነዚህ ሦስቱ ተፈጽመው ዋንጫው ቢመጣ ብናሸንፍም ብንሸነፍም እንከብራለን፤ እንግዳው የሚያየው በእውነት የምንኖረውን ነውና። ሳይፈጸሙ ቢመጣ ግን፣ ብናሸንፍ እንኳ ከጓሮ የሸሸግናቸው ልጆች ድምፅ ከጭብጨባው በላይ ይሰማል።

ልጄ ሆይ፣ አንተ በሻይ ቤት የጋበዝኸኝ፣ ይህን ብታነብ አትቈጣኝ። ወደ አዲስ አበባ ከመመለስህ በፊት ግን በዚያች ከተማ እለፍ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ተመልከት፤ አንተ የሮጥህበት ቀይ አፈር አሁንም አለ፤ አረም በቅሎበታል። አንተ ዛሬ ትልቅ ሰው ነህ፤ የእኔን ደብዳቤ ያላነበቡ ሰዎች ያንተን ቃል ይሰማሉ። ቍልፉ ከማን ዘንድ እንዳለ ጠይቅና ያንን በር አስከፍት። ያን ቀን ስለ አገር ክብር የምትለኝን ሁሉ ተቀምጬ እሰማሃለሁ፤ ሻዩንም እኔ እከፍላለሁ።